ሰብ እንቀይራለን

ከአዲ ሓቂ ገበያ ጀርባ፣ የሔሩይ ሱቅ በር ላይ፣ በቀይ ቀለም «ሰብ እንቀይራለን» የሚል ጽሑፍ ነበረ።

ሔሩይ ክፉ አላሰበም። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ መኪና ውስጥ ሙዚቃ ይገጥማል። ሰብዉፈር የሚባለውን፣ ቤዙን ከሆድ የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር፣ የሙያው ሰዎች በአማርኛቸው አሳጥረው «ሰብ» ይሉታል። ችግሩ አገሩ መቐለ መሆኑ ነው። በትግርኛ ሰብ ማለት ሰው ነው።

ጽሑፉ በተጻፈ ማግስት አንዲት እናት ባላቸውን በጋቢው ጫፍ እየጎተቱ መጡ። «ይሄንን ቀይርልኝ» አሉት። ሔሩይ ሳቁን ዋጠና ሽማግሌውን፣ አቦይ ስብሓትን፣ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። በካቻቢቴው እጀታ ደረታቸውን ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ፤ ብዙ አዳመጠ።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ከፋብሪካ የወጣው ነው» አላቸው። «እንዲህ ያለ ዕቃ አሁን አይመጣም። ይዘውት ይሂዱ።»

አቦይ ስብሓት ከዚያን ቀን ጀምሮ በሱቁ በር ሲያልፉ ደረታቸውን ነፍተው ነው።

አፉ እንዲህ ነበር የሔሩይ። እንደ እሱ አባባል፣ እሱ የገጠመው ቤዝ ሲመታ ቃላሚኖ ትምህርት ቤት የሚያጠኑት ተማሪዎች ደብተር በራሱ ገጹን ይገልጣል። አሉላ አባ ነጋ ላይ ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን መብረቅ መስሎት አንድ ዙር ይጨምራል። አንዴማ ኲሓ መንገድ ላይ የቆመ የደንበኛው መኪና በቤዙ ብቻ ያለ ሞተር ዳገት ወጣ። ያላመነ ዳገቱን ሄዶ ይጠይቅ።

ለተመድህን ግራጫ መኪናዋን በሩ ላይ ያቆመችው አንድ ጠዋት ነው። አዲሱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የተሰፋ ልብስ ጥራት ትቆጣጠራለች፤ ጠማማ ስፌት ከሩቅ ይታያታል። ወርዳ ጽሑፉን አነበበች፤ ሔሩይን አየችው፤ ጽሑፉን እንደገና አነበበች።

«እስካሁን ስንት ሰው ቀየርክ?»

«ምን ላድርግ፣ የሚመጣው ሁሉ ደህና እየሆነ አስቸገረኝ።»

አልሳቀችም። ዓይኗ ግን ሳቀ። ሔሩይ ያንን አየና በእጁ የያዘውን ገመድ የሚያስቀምጥበት ጠፋው።

«የአባቴ መኪና ነው» አለች። «የጓይላ ዘፈን ስከፍት ከበሮው እንደ ጣሳ ይጮሃል። አባቴ በነበረ ጊዜ እንደዚህ አልነበረም።»

«ትልቅ ሳጥን ከኋላ እናስቀምጥበትና…»

«ሳጥን አይገባም። የእናቴን ጤፍ የምጭነው እዚያ ነው። አዲስ ቀዳዳ አይበሳም። ራዲዮኑም አይነካም።» ይህን ስትል ጣቷ የራዲዮኑን ቁልፍ ነካ። ቀለሙ ተልጧል፤ የላጠው የአባቷ አውራ ጣት ነው።

«ሌላስ?»

«ድምፁ ግን ይምጣ።»

«ቀላል ነው» አለ ሔሩይ። ቀላል አልነበረም።

የፋብሪካው ሰብ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ፣ ከመደርደሪያው ሥር ተደብቋል፤ ከሾርባ ሳህን አይበልጥም። ከፍቶ ሲያየው ወረቀቱ ከመሃል እስከ ጠርዝ ተቀዷል። በዚያችው ጉድጓድ ልክ የሚገባ፣ ቀጭን ሆኖ ጉልበት ያለው ሰብ መገኘት አለበት። ራዲዮኑ ሳይነካ ድምፁ ከኋላ ስፒከሮች ገመድ ይወሰዳል፤ ትንሽ አምፕሊፋየር ከወንበር ሥር ይገባል፤ ኃይሉን ከባትሪው በፊውዝ ይስባል። ለሰለጠነ እጅ የሁለት ቀን ሥራ ነው። በሔሩይ እጅ ግን «የጉድጓዱ ጠርዝ የተለጠፈበት ሙጫ አልደረቀም» እየተባለ ሥራው አላልቅ አለ።

ለተመድህን ከሥራ መልስ በየቀኑ ትመጣለች።

«ሙጫው ዛሬም አልደረቀም?»

«የመቐለ ነፋስ ለሙጫ አይሆንም።»

«እኛ ፋብሪካ የሚቀባው ሙጫ ምሳ ሳንበላ ይደርቃል።»

«የእናንተ ችኩል ነው። የእኔ ረጋ ያለ ነው።»

ሰበቡ ገብቷታል። የኋላ ወንበር ላይ እግሯን ወደ ውጭ አድርጋ ትቀመጣለች፤ እሱ ከወንበሩ ሥር ሆኖ እጁን ሲዘረጋ ገመዱን ታቀብለዋለች። አንዳንዴ ገመዱን ተቀብሎ እጁን አይመልስም፤ እሷም አትጠይቀውም። አውሮፕላን ያስደነገጠው አፍ ያኔ አንዲት ቃል አይወጣውም።

አንድ ማክሰኞ፣ ድምጿን ሳትለውጥ፣ «ከእሑድ በፊት ይድረስልኝ» አለችው። «እሑድ ሽማግሌዎች መልስ ሊቀበሉ ይመጣሉ።»

ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ። «ለማን?»

«ለመኪናዋ መሰለህ?»

አጎቷ አቶ ኣረፋይነ ያመጡት ሰው የብሎኬት ማምረቻ አለው፤ ጨዋ ነው፤ አይጠጣም። እናቷም ወደውታል። ለተመድህን ክፉ የሚባልበት ነገር ስላጣች ዝም ብላ ነበር፤ ዝምታዋንም ቤቱ ሁሉ እሺታ አድርጎ ቆጥሮታል።

«አንቺስ?» አለ ሔሩይ ከወንበሩ ሥር።

«እኔማ ሙጫ እየጠበቅኩ ነው» ብላ ተነስታ ሄደች።

በማግስቱ ቀጭኑ ሰብ ተገኘ። ሔሩይ ደስ ብሎት ደወለላት። ስልኳን ቤት ቻርጅ ላይ ትታው ነበርና እናቷ አነሱት። እሱም እናትየውን ደስ ላሰኝ ብሎ በዚያ በሚያነክሰው ትግርኛው ጀመረ። ነገሩ ወደ አማርኛ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ሰብን ግን እንዳለች እንተዋት።

«እናቴ፣ ስለ ሰብ ጉዳይ ነው የደወልኩት።»

በዚያ ሳምንት በእናትየው ሐሳብ ውስጥ የነበረው ሰብ አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ብሎኬቱ።

«ሰብ ምን ሆነ?»

«ተበላሽቷል። ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ጠንከር ያለ ነገር ሲመጣበት ይንቀጠቀጣል።»

«ወይ ጉድ! አንተ በምን አወቅህ?»

«ከፍቼ አየሁታ። መሃል ለመሃል ተቀዷል።»

እናትየው ቆመው ነበር፤ ተቀመጡ። «ሐኪም ነህ፣ ልጄ?»

ሔሩይ በሙያው ሲመጡበት ትሕትና የሚባል አያውቅም። «የሰብ ሐኪም ይሉኛል። ስንቱን ከሞት አስነስቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መቀየር ነዋ። እኔ ጋ አዲስ አለ። ቀጠን ያለ ነው፣ ግን ጉልበታም። ለልጅዎ ልክ የሚሆናት እሱ ነው። እሺ ካሉኝ ከእሑድ በፊት አስገባዋለሁ።»

«ቆይ፣ ከአጎቷ ጋር ልምከር» አሉና ዘጉት።

ወሬ መቐለ ውስጥ በእግሩ አይሄድም። እናትየው «ልቡ ተቀዷል» ብለው ለአቶ ኣረፋይነ፣ አቶ ኣረፋይነ ለሽማግሌዎቹ ነገሩ። ባለ ብሎኬቱ ማምረቻው ሲደርስ ሠራተኞቹ ብሎኬት ከእጁ ይነጥቁት ጀመር፤ «ተው ጋሼ፣ ልብህን» እያሉ። ሰውየው ቢጨንቀው «እሑድ ራሴ እመጣለሁ» ብሎ ላከ።

ለተመድህን ወደ ሱቁ የገባችው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው።

«እናቴን ምን አልካት?»

ያለውን ቃል በቃል ደገመላት። ግማሽ ላይ ሲደርስ የመኪናዋን በር ደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ከፍቼ አየሁት አልክ? የሰው ልብ?» ሔሩይ ነገሩ ሲገባው እሱም ሳቀ።

«እንግዲያው ተገላገልሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ዝም ብንል እኮ ነገሩ በራሱ ያልቃል።»

«አያልቅም። ያ ሰው ምን በደለኝ? ነገ ሌላ ልጅ ቢጠይቅ በሽተኛ ነው ሊባል ነው። የእሱ ልብ ደህና ነው፤ ልቤን ሌላ ቦታ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«የት?»

«ሙጫ የማይደርቅበት ቦታ።»

ሔሩይ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ። ከዚያ ያንን ለሳምንት ያልወጣውን ቃል አወጣው።

«እወድሻለሁ። በዚህ ላይ ምንም አልጨመርኩም።»

«አውቃለሁ። ስትጨምር ጆሮህ ይቀላል» አለች። «በል አሁን ሰቡን ግጠም። እሑድ አብረን ነው የምንገባው። በስህተት ነጻ መውጣት አልፈልግም፤ እምቢ የምለው በራሴ አፍ ነው።»

እሑድ ከቀትር በፊት ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ በጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ባለ ብሎኬቱ ጤንነቱን ለማሳየት በሁለት እጁ ሁለት ብሎኬት አንጠልጥሎ ግቢውን እየዞረ ነው። አቶ ኣረፋይነ «ይበቃል፣ አየን» ቢሉት አሻፈረኝ አለ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ግራጫዋ መኪና ገባች። ከበሮው ከመኪና ሳይሆን ከመሬት ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር። ዱብ፣ ዱብ። የግቢው ዶሮዎች ምቱን ጠብቀው ረገጡ፤ ውሸት ከሆነ ዶሮዎቹ ይመስክሩ። እናትየው ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀጥ አሉ። ያ ድምፅ ባላቸው ከሥራ ሲገባ የሚሰማ የነበረው ድምፅ ነው።

ለተመድህን ወርዳ የተቀደደውን የፋብሪካ ሰብ ሽማግሌዎቹ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።

«ታመመ የተባለው ሰብ ይሄ ነው» አለች። «ሐኪሙም ይኸውና። የመኪና ሙዚቃ ነው የሚገጥመው።»

አንዱ ሽማግሌ ጣታቸውን በቀዳዳው ሰደዱ። «እውነትም ተቀዷል» አሉ። ከዚያ ሳቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረ። ባለ ብሎኬቱም ብሎኬቶቹን አስቀምጦ ላቡን እየጠረገ ሳቀ። እናትየው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

አቶ ኣረፋይነ ተነሡ። «ተመስገን። ነገሩ ጠራ። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ እንግዲህ መልሳችን…»

«አጎቴ» አለች ለተመድህን። «ጤነኛ ነው። ጨዋም ነው። እኔ ግን አሁንም ሰብ ይቀየርልኝ እላለሁ።»

አቶ ኣረፋይነ የሰሙትን ለማጣራት ያህል አንገታቸውን ሰበቅ አደረጉ።

«በየትኛው ቋንቋ ነው የምትዪው?»

«በሁለቱም።»

ሔሩይ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ቀጠን ያለ ነው።

ባለ ብሎኬቱ ቀስ ብሎ መጣና ፊት ለፊቱ ቆመ። «ልቡ ተቀዷል ያልከው አንተ ነህ?»

«ስለ እርስዎ አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ።»

ሰውየው ወደ ለተመድህን አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት። «ግድ የለም» አለ። «የዚያን ጊዜ ተሳስተህ ነበር። አሁን ግን ልክ ነህ።» ብሎኬቶቹን እዚያው ትቶ ወጣ። ለተመድህን እስከ በሩ ሸኘችው፤ ምን እንዳለችው የሰማ የለም፤ ሲለያዩ ግን ሁለቱም እጅ ተነሳሱ።

አቶ ኣረፋይነ ሔሩይን ከእግር እስከ ራሱ ለኩት። «እኛ ልጅ በስልክ አንሰጥም። ሽማግሌ ላክ።»

የሔሩይ ዘመዶች ደብረ ብርሃን ናቸው። በሳምንቱ ግን የግቢውን በር ያንኳኩት አቦይ ስብሓት ነበሩ፤ ደረታቸው ተነፍቷል፤ ሚስታቸውም ተከትለዋቸዋል።

«የልጁን ጠባይ በምን ታውቃላችሁ?» አሉ አቶ ኣረፋይነ።

አቦይ ስብሓት አፋቸውን ሳይከፍቱ ሚስታቸው ቀደሙ። «እኔ ይሄን ሰውዬ ላስቀይር ወስጄው ነበር» አሉ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። ይሄ ልጅ ግን አዳምጦ፣ ከፋብሪካ የወጣ ነው፣ ያዢው ብሎ መለሰኝ። ያን ጊዜ ቤት ገብቼ አየሁት። እውነቱን ነው።» አቦይ ስብሓት ሲያፍሩ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናትየው ሳቁ። «ከሐኪሙ ጋር እኔም ተነጋግሬያለሁ» አሉ። «ለልጅዎ ልክ የሚሆናት እሱ ነው ብሎኛል። እሺ።»

ለሰርጋቸው ግራጫዋ መኪና ከፊት መራች፤ ከበሮዋን ሰምቶ መቐለ ውስጥ ያልጨፈረ የትራፊክ መብራት ብቻ ነው ይባላል። ራዲዮኑ አልተነካም። በተላጠው ቁልፍ ላይ አሁን የሔሩይም አውራ ጣት ያርፋል።

ባልና ሚስት መቼም ይጋጫሉ። ለተመድህን ስትቆጣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሰብ እቀይራለሁ!» ትላለች።

ሔሩይ ካቻቢቴውን ያስቀምጣል። «በየትኛው ቋንቋ?»

ታየዋለች። ዓይኗ ከአፏ ቀድሞ ይስቃል።

«በአማርኛ።»