ትራኪ የሚወርድ

ዕቃው ከቅቤው ሳህን አጠገብ ቁጭ አለ።

በናፕኪን ተጠቅልሏል። የሲጋራ ፓኮ ያህላል። ላንግ ካስቀመጠው በኋላ ዞር ብሎም አላየው፤ ሹካውን አንስቶ ዶሮውን መቆራረጥ ቀጠለ።

ዶሪን ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። እንደማታውቀው ሆናለች። በዚህ ባቡር ምግብ ቤት ማንም ቦታውን አይመርጥም። አስተናጋጁ የማይተዋወቁ ሰዎችን ሰብስቦ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይደለድላል፤ ጨው አቀብሉኝ እየተባባሉ ይበላሉ፣ ይለያያሉ። የምትሠራለት የፀረ ስለላ ቢሮ ለርክክብ የሚሆን ቦታ ራሱ አስቦ ቢያሠራ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

«በረዶው በረታ» አለ ላንግ።

«ተራራውን ሳንጨርስ ገና ይብሳል» አለ ከጎኑ የተቀመጠው ሽማግሌ፣ ኦርቪል።

ምልክትና መልስ። ሽማግሌው አፉን የሚጠርግ መስሎ ናፕኪኑን አነሳና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። 

ኦርቪል ታምሊን ዕድሜውን ሙሉ ሳክራሜንቶ አጠገብ ባለ የሚሳይል ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ በየሐሙሱ ሪኖ ከተማ ካሲኖ ቁማር ሊጫወት ይሄዳል። እዚያ ነው አንድ ለስላሳ ሰው ውስኪ ጋብዞት ከፋብሪካው አንድ ዕቃ እንዲያመጣለት የጠየቀው። ኦርቪል ውስኪውን ጠጣ፣ አመሰገነ፣ በማግስቱ ለቢሮው ተናገረ። የገዢውን መልክ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬ ሪኖ ላይ ቢሮው ያዘጋጀውን የሐሰት ዕቃ ያስረክበዋል፤ ሰውየው እዚያው ይያዛል።

መኪና እናቅርብልህ ብለውት ነበር። «በክረምት ያንን ተራራ በመኪና?» አለ። «ልትገድሉኝ ከሆነ እዚሁ ተኩሱብኝ።» ስለዚህ ባቡር ሆነ። ላንግን በይፋ ጠባቂው አደረጉለት። ዶሪንን ደግሞ ሳያውቅ፣ ከመኸር ጀምሮ፣ ከጎኑ አስቀመጡለት። እሱ የሚያውቃት እንደ ሌላ ሴት ነው፦ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ፤ ቁማር የምትወድ፤ ካርታ ስትበውዝ እጇ የሚያስቀና። በቢሮው ወረቀት ላይ እሷ «ምሰሶ» ናት። ላንግ «ማገር»። ኦርቪል «እንግዳው»። ገዢው «ዝናብ»።

ይህን ሥራ ስትጀምር ፀጉሯ ጥቁር ነበር። አሁን የሚያምራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅልፍ።

ቡናዋን ጨርሳ ወደ ፉርጎዋ ተመለሰች። እንደ ኦርቪል በየሐሙሱ ወደ ካሲኖው የሚሄዱት ጡረተኞች ከወዲሁ ካርታ ዘርግተው እየተሰዳደቡ ነው። የላንግ ወንበር ባዶ ነው። ከወንበሩ በላይ ትንሿ ወረቀት ተሰክታለች። ተቆጣጣሪዋ ሎቬታ የሰውን ትኬት ካየች በኋላ መውረጃውን ጽፋ ከራሱ በላይ ትሰካለታለች፤ ሁሉም አለው። ዶሪን ዓይኗ እንዲሁ አረፈባት።

ትራኪ።

ሪኖ አይደለም። ከሪኖ በፊት ያለችው፣ በረዶ መሀል ያለችው ጣቢያ።

እንደገና አነበበችው። ላንግ መኪና ነጂ ነው፤ ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም። መኪና የሚነዳ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅበትም። ባቡር ላይ ግን መድረሻህ ከአናትህ በላይ ተጽፎ ነው የምትሄደው።

ኦርቪል ቦት ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ገና ነን እኮ» አለችው።

«እግሬን በረደኝ» አለ፤ ዓይኑን ሸሸት አድርጎ። መዋሸት አይችልም። ለዚህም ነው የምትወደው።

ላንግን በሁለቱ ፉርጎዎች መገጣጠሚያ አገኘችው። የሐዲዱ ጩኸት ስለሚውጠው እዚያ መነጋገር ይቻላል።

«ዕቅዱ እንዴት ነው?» አለችው።

«እንደተባለው ነዋ፣ እሜቴ። እስከ ሪኖ ከጎኑ አልለይም።»

እሜቴ ማለት የጀመረው እሷ ስታሠለጥነው ነው። ያኔ ጀማሪ ነበር፤ ካልሲው እንኳ አይገጥምም ነበር። እየሳቀ ዋሻት። ሳቁ ልቧን ሰበረው፣ ምክንያቱም ጥሩ ውሸት ነበር፤ ያስተማረችውም እሷ ናት።

ተመልሳ ኦርቪል አጠገብ ተቀመጠች። ካርታውን አንስታ እየበወዘች ዝግ ባለ ድምፅ ነገረችው።

«ላንግ ትራኪ ላይ እንውረድ ብሎሃል አይደል? መኪና ይጠብቀናል ብሎህ።»

ሽማግሌው ደነገጠ። «አንቺ ከየት አወቅሽ?»

«ከወረድክ ሪኖ አትደርስም። ሸጦሃል። የሰውየውን መልክ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«እኔም የቢሮው ነኝ፣ ኦርቪል።»

ጡረተኞቹ የሆነ ነገር ላይ ሳቁ። ኦርቪል ግን መስኮቱን ነበር የሚያየው። በዚያ ቅጽበት አስር ዓመት አረጀ።

«ካርታውስ?» አለ በመጨረሻ። «እየተሸነፍሽልኝ ነበር?»

«በካርታው አልዋሸሁህም። አንተ ነህ ጎበዝ።»

ይህም ውሸት ነበር።

«ከነዚህ ሽማግሌዎች መሀል አትነሳ» አለችው። «ሪኖ ፌርማታው ላይ ሰዎቻችን አሉ። ዕቃውን እንደተባለው አስረክብ። ማን ቢጠራህ እንዳትነቃነቅ።»

ረጅሙ ዋሻ ዋጣቸው። ሲተፋቸው ዓለም ነጭ ሆኖ ነበር። ዶሪን ቦርሳዋን አንግታ መውጫው በር ወዳለበት፣ ወደ ባለ ሁለት ፎቁ ፉርጎ ታችኛው ፎቅ ወረደች።

ላንግ በሩ ጋ ቆሟል።

«ሽማግሌውስ?»

«ካርታ እየተጫወተ ነው።»

አያት። ገባው። ቀኝ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ የኪሱም ጨርቅ ወደ እሷ ተወጠረ።

«ጥሪው» አለ።

«አይሆንም።»

«እሜቴ፣ አታስጨርሺኝ።»

«ለምን፣ ልጄ?»

«ደከመኝ። ሞቃት አገር ቤት እንሰጥሃለን አሉኝ። አንቺ አልደከመሽም?»

«ደክሞኛል» አለች። እውነቷን ነው።

ፍሬኑ ጮኸ። ሎቬታ በዚያ በግዙፍ ሰውነቷ ሰው እየገፋች ብቅ አለች።

«ትራኪ! ትራኪ የሚወርድ!»

«እኔ ሪኖ ነኝ» አለ ላንግ።

«ወረቀትህ ትራኪ ይላል፣ ጌታዬ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

«ልዩነቱን እከፍላለሁ።»

«በምን ወንበር? መንገዱ ተዘግቶ አገር ምድሩ ባቡሬ ላይ ተሳፍሯል! ወንበርህን ከዚህ ለሚሳፈር ሰጥቼዋለሁ። ውረድልኝ፣ በሩን አትዝጋብኝ።»

መታወቂያውን ቢያወጣ ማብራራት ሊኖርበት ነው። ሽጉጡን ቢያወጣ ፉርጎው ሙሉ ሰው ነው። ላንግ ወረደ። ዶሪን ተከተለችው።

«አንቺ ደግሞ የት?» ጮኸች ሎቬታ። «አንቺ የሪኖ ነሽ!»

«ልሸኘው ነው።»

ላንግ ግራ ቀኙን ቃኘ። በረዶ። መንገድ የተዘጋባቸው የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋቾች። መኪና የለም።

«ሰዎችህ ተራራው ሥር በረዶ ላይ እንዳይንሸራተቱ የጎማ ሰንሰለት እየጠበቁ ነው» አለችው። «መንገዱ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። በድምፅ ማጉያ ተናግረዋል፤ አንተ አትሰማም።»

የእሱ ዓይን ግን ሌላ ነገር ላይ አርፏል። የጣቢያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስልክ።

አንድ ጥሪ ይበቃዋል። ገዢው፣ «ዝናብ»፣ ከካሲኖው ይሰወራል። ኦርቪልንም ከዚያ በኋላ፣ አንድ ሌላ ቀን፣ ሊገድሉት በሩ ላይ ይጠብቁታል።

ሮጠ።

የከተማ ጫማ ነው ያደረገው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ በረዶው እግሩን ከዳው፤ የብረቱ የሻንጣ ጋሪ ሥር ተዘረጋ። ዶሪን ላዩ ላይ ወደቀችበት። ጉልበቷ ተንቋቋ። ከቦርሳዋ ካቴና አውጥታ አንዱን ጫፍ የግራ እጁ አንጓ ላይ፣ ሌላውን ጋሪው ላይ ቆለፈችው።

ያኔ ተኮሰ።

ከኮቱ ውስጥ። ድምፁ ትንሽ ነበር። ሰው ሁሉ ዞረ።

ቀኝ እጇን አየችው። ሕመሙ ገና አልመጣም። በግራ እጇ ሽጉጡን ቀምታ ሐዲዱ ላይ ወረወረችው፤ ከዚያ ልትነሳ ብትሞክር አቃታት፣ እዚያው በረዶው ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ይቅርታ» አለ ላንግ። ማልቀስ ጀምሮ ነበር።

«ዝም በል፣ ልጄ።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ከላይኛው ፎቅ መስኮት ኦርቪል አያት። ካርታው እጁ ላይ ነው። ሊነሳ ቃጣውና ተወው። አትነሳ ብላዋለች። መስኮቱ እስኪያልፍ ድረስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

በማግስቱ በከተማዋ ትንሽ ሆስፒታል ከቢሮው አንድ ሰው መጣ። ኮፍያውን ሳያወልቅ ነው የተናገረው።

«ዝናብ ተይዟል። ዕቃው እጁ ላይ እያለ። ማገርን ሌሊቱን ወስደነዋል።»

«እንግዳውስ?»

«ደህና ነው። ይህን ስጧት ብሎ ነው።» የካርታ እሽግ አልጋው ላይ አኖረ። «ደግሞ የመስኮቱን ወንበር ሐሙስ እይዝላታለሁ ብሏል።»

ዶሪን ፋሻውን አየች። ከውስጡ ሁለቱ ጣቶች እንደማይታጠፉ ሐኪሙ ነግሯታል።

«ዶሪን እህቷ ጋ ጠቅልላ ሄደች በሉት።»

«የት ብንለው ይሻላል?»

«ሩቅ። ባቡር የማይደርስበት።»

ሰውየው በሌላ ስም የተሠራ አዲስ መታወቂያ ሰጣት። ስሙን አንድ ጊዜ አነበበችው፤ በቃት።

ወደ ምዕራብ የሚመለሰው ባቡር ዘግይቶ መጣ። ከሚወርዱት መሀል የምታውቀው ፊት አልነበረም። የማታውቀው ተቆጣጣሪ መውረጃዋን ጽፎ ከራሷ በላይ ሰካላት። ምን ብሎ እንደጻፈ ቀና ብላ አላየችም።

ዋሻውን ሲያልፉ ካርታውን ከቦርሳዋ አወጣች። በግራ እጇ ልትበውዝ ሞከረች። ካርታው አመለጣትና ወለሉ ላይ ተበተነ።

ፊት ለፊቷ የነበረች ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ ለቀመችላት።

«ካርታ ይጫወታሉ እንዴ፣ እናቴ? መንገዱ ረጅም ነው፣ እኔም ሰው እየፈለግሁ ነበር።»

ዶሪን እሽጉን ተቀበለቻት። ጭኗ ላይ አስቀምጣ በፋሻ በታሰረው እጇ ሸፈነችው።

«አይ፣ የኔ ልጅ» አለች። «ካርታ አላውቅም።»