ሠላሳ አንድ ቁጥር ጠርሙስ

ፕሮፌሰሩ የሞቱት ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ቴክኒሺያኗ የማቀዝቀዣውን ክፍል ስትከፍት በሩ ሥር በጎናቸው ተኝተው አገኘቻቸው። አንድ እጃቸው ወደ በሩ ተዘርግቷል፤ ሌላው የኮታቸውን የውስጥ ኪስ እንደያዘ ቀርቷል። ደም የለ፣ ቁስል የለ፣ የተቀደደ ነገር የለ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ትከሻ ለትከሻ ይነካካል። መስኮት የላትም፤ በሩ ላይ ብቻ የመዳፍ ያህል መስታወት አለ። መሀሏ ላይ ደረት የሚደርስ የብረት ታንክ ተገትሯል። በታንኩ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በናይትሮጅኑ ውስጥ ደግሞ ከበሽተኞች የተወሰዱ ሴሎች በጣት በሚያካክሉ ብልቃጦች ታሽገው ዓመታትን ያሳልፋሉ። ናይትሮጅን የሚመላለስበት ትልቅ የብረት ዕቃ፣ ሠራተኞቹ «ጋኑ» የሚሉት፣ ባዶውን ተገልብጦ ነበር።

መርማሪው ሲደርስ ሳጅኑ ጉዳዩን ጨርሶ መዝገቡን ሊዘጋ ነው። ይህ መርማሪ ጡረታው የቀረበ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ባልደረቦቹ ከጀርባው «ከዚያስ» ይሉታል፤ ሰው ተናግሮ ጨረስኩ ሲል «ከዚያስ?» የማለት አመል ስላለበት ነው። ብዙ ወንጀለኛ በዚያች ቃል ተጠልፏል።

«ግልጽ ነው ጌታዬ» አለ ሳጅኑ። «ናይትሮጅኑ ሲፈስ ይተንና አየሩን ያባርረዋል። ሁለት ሦስቴ የተነፈሰ ይወድቃል። ማራገቢያው ጠፍቶ ነበር፤ ያጠፋችው ጽዳቷ ናት፣ ራሷም አምናለች። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ አበቃ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ መርማሪው፣ ወደ ኮሪደሩ እየወጣ።

የጽዳት ሠራተኛዋን ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል። ባልዲያቸውን በእግሮቻቸው መሀል አቁመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ እናት አባት የሌላቸው ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። መርማሪው አጠገባቸው ሲቀመጥ ሊነሱ ቃጣቸው።

«ይቀመጡ እናቴ።»

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው ጌታዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንዘጋ ማራገቢያውን አጠፋለሁ። ሰው በሌለበት ለምን ይጮኻል ብለው ያዘዙኝ ራሳቸው ነበሩ። እሁድ እንደሚመጡ በምን ልወቅ? እነዚያን ልጆች ማን ያያቸዋል አሁን?» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

መርማሪው በሩን ከውጭ በኩል ቃኘ። ምስማር ላይ እስከ ክንድ የሚደርስ ወፍራም ጓንት ተሰቅሏል። ከጓንቱ በላይ ቀይ ቁልፍ ያላት ትንሽ ሳጥን አለች።

«ይቺ ምንድናት?»

«አየር ሲያንስ የምትጮኸው ናት። ጆሮ ትበጥሳለች። ያን ቀዩን ካልተጫኑት እስከ ነገ ብትጮህ አታቆምም።»

«ዛሬ ጠዋት ሲገቡ ትጮህ ነበር?»

እትዬ አሰቡ። «የለም። ከሁሉ ቀድሜ ስገባ ጭጭ ብላ ነበር።»

መርማሪው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለችው የአየር መለኪያ አፉን አስጠግቶ ደጋግሞ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰባት። ከውጭ ያለችው ሳጥን ሕንጻውን በጩኸት ሞላችው። ሳጅኑ ሮጦ መጥቶ ቀዩን ቁልፍ ሲጫን ነው ጸጥ ያለችው። ሳጅኑ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የሞተ ሰው ከበር ውጭ ያለ ቁልፍ አይጫንም።

ላብራቶሪው ውስጥ ሁለት ሰዎች ይጠብቃሉ። አንደኛው የፕሮፌሰሩ ምክትል ነው፤ ቀጭን፣ ፈሪ፣ ሲፈራ የሚቀልድ ዶክተር።

«እኔን ነው የሚጠረጥሩት» አለ ገና መርማሪው ሳይቀመጥ። «ወንበራቸው የሚደርሰው ለእኔ ነው። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔኑ እይዝ ነበር።»

«እሁድ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ምስክሬ ድመቴ ናት፤ እሷም አትወደኝም።»

ሁለተኛዋ ፕሮፌሰሩን ያገኘቻቸው ቴክኒሺያን ናት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ሠርታለች። ነጭ ካፖርቷን ለብሳ፣ የጎማ ጓንቷን አጥልቃ፣ ኢንኩቤተሩን፣ ማለትም እንደ ሰው ገላ የሚሞቀውን የሴሎቹን ቁም ሳጥን ልትከፍት ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው እህቴ?»

«ላበላቸው። አርብ ማታ እንደበሉ ናቸው። ሴል ለቅሶ አያውቅም።»

«ትንሽ ይጹሙ። እኔ ግን ልያቸው።»

በሩ ተከፈተ። ጠርሙሶቹ በመደዳ ተጋድመዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ስስ ፈሳሽ። ፈሳሹ በሁሉም ቢጫ ነው። በታችኛው መደርደሪያ ጥግ ያለው አንድ ጠርሙስ ብቻ እንደ ሮማን ቀልቷል። ወረቀቱ ላይ «31» ተጽፏል።

«ለምን ቢጫ ሆኑ?» ሲል ምክትሉን ጠየቀው።

ዶክተሩ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፍርሃቱ ለቀቀው። «እያንዳንዱ ሴል ራሱን የቻለ ቤት ነው ይበሉ። ዙሪያውን አጥር አለው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመርጥ ስስ ሽፋን። መሀሉ ላይ ኑክሊየስ አለ፤ የባለቤቱ ማንነት ሙሉ በሙሉ እዚያ ተጽፏል። ምግቡን የሚያቃጥሉ ምድጃዎችም አሉት፤ ሚቶኮንድሪያ እንላቸዋለን። ሲበላ ሲያቃጥል አሲድ ይተፋል። አሲዱ ሲበዛ ቀዩ ምግብ ቢጫ ይሆናል። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሳቸውንም የገደለው ያው ምድጃ ነው። አየር ሲያጣ ይጠፋል። መጀመሪያ የሚጨልመው አንጎል ነው።»

«ይሄኛውስ ለምን ቀላ?»

ቴክኒሺያኗ ቀደመችው። «እሱ ዝግ ያለ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ምግቡን ቶሎ አይጨርስም።» ይህን ስትል ወደ ጠርሙሱ አልተመለከተችም።

«እሺ» አለ መርማሪው። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ምን አለ? ያው ነው።»

መርማሪው አመስግኗት ወደ ኮሪደሩ ተመለሰ። እትዬ አሁንም አግዳሚው ላይ ናቸው።

«ይቺ ቴክኒሺያን እንዴት ያለች ሰው ናት እናቴ?»

«ምስኪን ናት! ብቸኛ ልጇን የቀበረች። ዕጢ ወጥቶበት ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ነበሩ ያከሙት። ከዚያ ወዲህ ከሰው አትገጥምም፤ ከእኔ ጋር ብቻ ሻይ ትጠጣለች።» እትዬ ወደ በሩ አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ጠዋት ጠዋት ሳጸዳ ያንን የሚሞቅ ቁም ሳጥን ከፍታ ስታወራ እሰማታለሁ። ‹ደህና አደርክ?› ትላለች። ማንን እንደምትል አልጠየቅኳትም። የሰው ቁስል አይነካካም።»

መርማሪው አመስግኗቸው ወደ ላብራቶሪው ተመለሰ። ከዚያ በፕሮፌሰሩ የውስጥ ኪስ የተገኘውን አራት እጥፍ ወረቀት አውጥቶ፣ ምክትሉን ከሠላሳ አንድ ቁጥር ጠርሙስ ጋር ወደ ማይክሮስኮፑ ክፍል ወሰደውና በሩን ዘጋ። ሲወጡ ዶክተሩ ቀልዱ ሁሉ አልቆበት ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ላብራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሳጅኑ በሩን ይዟል። እትዬ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ የሚወስዳቸው መኪና ደጅ ላይ እንደሚጠብቅ ያውቃሉ። የሚሰማው የኢንኩቤተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው።

«በጓንቱ እንጀምር» አለ መርማሪው። «ናይትሮጅን ሥጋ ያቃጥላል። ሊቀዳ የመጣ ሰው ጓንቱን ምስማር ላይ ትቶ፣ ሙሉ ሱፍ ለብሶ ጋን አያነሳም። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ሊቀዱ አልመጡም። ሰው ሊያነጋግሩ መጡ። ጋኑን የደፋው ያ ሰው ነው፤ በእግር ቢገፉት ይበቃል።»

ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል በር ጠቆመ።

«ቀጥሎ ጩኸቱ። አየሩ ሲያንስ ሳጥኗ መጮህ ነበረባት፤ ሞክረናታል፣ ደህና ናት። ጠዋት ግን ጭጭ ብላለች። አንድ ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ ቀዩን ተጭኗል። ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ያልከፈተ ሰው ነው። እንግዲህ ይሄ የማራገቢያ ጉዳይ አይደለም፤ እትዬ ማንንም አልገደሉም።»

እትዬ በግድግዳው ተንሸራተው ተቀመጡ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ወንበሩን የሚወርሱት ዶክተር ናቸው፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁት እሳቸውን ነው። ግን ገዳዩ እሁድ ዕለት ከበሩ ዞር ካለ በኋላ አንድ ነገር አድርጓል። ይህን ኢንኩቤተር ከፍቶ አንዱን ጠርሙስ ብቻ አብልቷል። ዝግ ያለ ነው ተብዬ ነበር። ዶክተር፣ በማይክሮስኮፕ ምን አዩ?»

«ጢም ብሎ ሞልቷል» አለ ምክትሉ ወለሉን እያየ። «አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቧል። እንዲህ ያለ መንጋ አርብ የተሰጠውን ምግብ እሁድ ሳይመሽ ቢጫ ያደርገዋል። ከሁሉም ጠርሙስ ፈጣኑ እሱ ነው።»

«ቀይ የሆነው ገና ትናንት ስለበላ ነው። ዶክተር ሰው ገድለው ቢሆን ሮጠው ይወጡ ነበር፤ ጠርሙስ ለማብላት አይቆሙም። እዚህ ቤት ያንን ጠርሙስ ሳያበላ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት ‹ደህና አደርክ› የሚለው።» መርማሪው ወደ ቴክኒሺያኗ ዞረ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «የልጅሽ ዕጢ ነው አይደል?»

ቴክኒሺያኗ የጎማ ጓንቷን ጣት በጣት አወለቀች።

«ቅዳሜ ስንዘጋ፣ ነገ ብቻሽን ነይ አሉኝ» አለች። «መጣሁ። ታንኩ አጠገብ ቆመው፣ ሠላሳ አንድን እንጥለዋለን፣ ከታንኩም ከኢንኩቤተሩም፣ አንቺው አውጪው አሉኝ። የእሱ ሆኖ የቀረኝ ያ ብቻ ነው። ሥጋው ነው፤ ይሞቃል፣ ይበላል፣ ያድጋል። እንደገና በእጅሽ ቅበሪው አሉኝ። ጋኑን መታሁትና ወጣሁ። በሩን በጀርባዬ ደገፍኩት። ትንሽ ብቻ ላስፈራቸው ነበር… የለም፣ ውሸት ነው። ማስፈራት አልነበረም።»

«ከዚያስ?» አለ መርማሪው በዝግታ።

«ያ ነገር ጮኸ፤ አጠፋሁት። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግኩ፤ አበላሁት።»

እትዬ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «ልጄ፣ እኔን ሲወስዱኝ ልታዪ ነበር?»

«አዎ እትዬ።»

«ልጆቹን እያወቅሻቸው?»

ቴክኒሺያኗ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ ሲቀርብ ቴክኒሺያኗ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ቆመች።

«በመስታወቱ ወረቀት ሊያሳዩኝ ነበር። ከኪሳቸው ሊያወጡ ሲታገሉ አየሁ። የማስወገጃው ማዘዣ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ምን ነበር?»

ምክትሉ አፉን ሊከፍት ሲል መርማሪው በእጁ ከለከለው። ነገሩን በፍርድ ቤት፣ በሰው ፊት ከምትሰማው እዚህ ብትሰማው ይሻላል ብሎ አሰበ። ይሁን እንጂ ቃሉ ከአንደበቱ በቀላሉ አልወጣም፤ ይህን የመሰለ መርዶ ተናግሮ አያውቅም።

«የምርመራ ውጤት ነው። ሠላሳ አንድን ታሽጎ ከቆየው የልጅሽ ደም ጋር አስተያይተውታል፤ ከታንኩም ከጠርሙሱም። የእሱ አይደለም። ይህን ሊነግሩሽ ነው የጠሩሽ።»

«የእሱማ ነው። እኔ ነኝ ያበላሁት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«የአንዲት ሴት ዕጢ ነው» አለ ምክትሉ። «ከሌላ ጠርሙስ የመጣ። ኃይለኛ ነው፤ አንድ ጠብታ ከገባ የቤቱን ባለቤት አስርቦ ይጨርሰዋል። በሳምንታት ውስጥ የልጁ አንድ ሴል እንኳ አልቀረም ማለት ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት። በታንኩ ያለውም ከዚያ በኋላ ከዚሁ ጠርሙስ የተቀዳ ነው።»

«ከሌላ ጠርሙስ እንዴት ይገባል? በአንድ ፒፔት፣ በአንድ የምግብ መቅጃ ቱቦ፣ ሁለት ጠርሙስ የሚያበላ ሰው እዚህ የለም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው…»

አልጨረሰችውም።

«ከቀብሩ በተመለስኩ ማግስት ነው» አለች በመጨረሻ። «እረፍት ውሰጂ ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ፤ ይራባል ብዬ። ዓይኔ እንባ ሞልቶት ጠርሙሶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይታዩኝ ነበር። ፒፔቱን የቀየርኩ መስሎኝ ነበር።»

ሳጅኑ ካቴናውን እንደያዘ ቀረ። ሁለት እጆቿን ራሷ ዘርግታ ሰጠችው፤ ሲቆልፍላትም ወደ ኢንኩቤተሩ አልዞረችም።