በልኬት ላይ ያለን ሰው አትንኩ

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው፣ አልጣላውም። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ። የሆነውም በጨለማ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ በወጣበት ነው።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። የታካሚዎችን የእጅና የእግር እንቅስቃሴ እለካለሁ። ክንድ ላይ አራት ተለጣፊ ሴንሰሮች እለጥፋለሁ፣ በነሱ በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ታካሚው እንኳ አይሰማውም። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ሥጋችን ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፍበት መጠን ይለዋወጣል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመርም ከፍ ዝቅ ይላል።

አንድ ሕግ አለን። በልኬት ላይ ያለን ሰው ማንም አይነካም።

ምክንያቱም የሚነካው ሰው ገላም ኤሌክትሪኩን ይሻማል። ያኔ መስመሩ ዱብ ይላል። አንዲት እናት ረስታ የልጇን እጅ ስትዳብስ፣ ዞሬ ሳላይ አውቅባታለሁ። "እጅዎን ያንሱልኝ፣ እናቴ" እላለሁ። ትደነግጣለች፣ ከዚያ እንሳሳቃለን።

የዚያን ቀን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን የገዛ ወንድሜ ነበር።

ጢሙን ካወጣ ቆይቷል፣ ቤት ውስጥ ግን እስካሁን "ጩጬ" ነው የምንለው። ብረት በያጅ ነው። ሥራ ላይ ከመሰላል ወድቆ ከተነሳ በኋላ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። አጥንቱ ደህና ነው፣ ነርቩም ደህና ነው። እሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር...

"እጄ አልሞተም። የሆነ ነገር ይዞኛል።"

ድንጋጤው ነው አልነው። ሐኪሙም በመጨረሻ ተሰላቸ። የዕለቱ ልኬት ለውጥ ካላሳየ ሕክምናው እንደሚቆም ነገረን። በያጅ ያለ ቀኝ እጁ ምን ሠርቶ ይበላል?

እናታችን ኮሪደሩ ላይ ቀረች። በሩን ዘጋሁ። ውስጥ ያለነው እኔና ጩጬ ብቻ ነን።

"ጣቶችህን ለማንቀሳቀስ ሞክር" አልኩት፣ ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሬ።

መስመሩ ዱብ አለ።

"አትንኩት" አልኩ በልማድ።

ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ... ማንም የለም።

ዞርኩ። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ነው፣ ቀኙ የወንበሩ ክንድ ማሳረፊያ ላይ ተዘርግቷል።

ተለጣፊዎቹን ቀየርኩ። ገመዱን ቀየርኩ። በራሴ ክንድ ሞከርኩት፣ ማሽኑ ደህና ነው። መልሼ እሱ ላይ ለጠፍኩ።

ዱብ።

"እትዬ..." አለኝ በሹክሹክታ። "አሁን አጠበቀ።"

እንዲህ ሲል መስመሩ ይበልጥ ወረደ።

"ይቀዘቅዛል?"

"አይ... ይሞቃል። እንደ ሰው እጅ ነው።"

አጎንብሼ አየሁ። ከእጁ አንጓ በላይ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ፣ የክንዱ ፀጉር ተጋድሟል። የሌላው ቦታ ፀጉር ግን እንደቆመ ነው።

"አመንሽኝ?" አለ። እንባው ወረደ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እንደ ውሸታም አድርገን ይዘነዋል፣ አንጀቴን በላው።

"እኔን" አልኩት። "ለኔ ያድርገው፣ የኔ ጌታ።"

እንቅፋት ለመታው ሰው ሁላችንም የምንለው ነው። አስቤ የተናገርኩት አይደለም።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ጩጬ ትንፋሹን ዋጠ። አውራ ጣቱ ተነሳ... ከዚያ ሌሎቹ... ከዚያ ክንዱ እንዳለ። መስመሩ የጤነኛ ሰው መስመር ሆነ።

"ለቀቀኝ" አለ። "እትዬ፣ ለቀቀኝ።"

ተለጣፊዎቹን ነቃቅሎ፣ እየሳቀ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። እኔም በደስታ አለቀስኩ። ልከተለው ብዬ ተነሳሁ።

ቀኝ እጄ ከጠረጴዛው አልነሳም አለኝ።

ይሞቃል...

እናቴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ገባች። ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ እጄን አየች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም... ደንዝዞኝ ነው። ጩጬን ይዘሽ ሂጂ፣ እማዬ።"

"እስቲ አንሺው።"

ሞከርኩ፣ አልተነሳልኝም። ፊቷ ተለወጠ።

እናቴ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ "እኔን" የምትል ሴት ናት። ከንፈሯ ሲላቀቅ አየሁ። በግራ እጄ አፏን ግጥም አድርጌ ከደንኩት።

"ምንም እንዳትይ" አልኳት። "በሞቴ፣ እማዬ... አንድ ቃል እንዳትናገሪ።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። እጄን አየች፣ መልሳ እኔን አየች።

ከዚያ ከንፈሯ መዳፌ ሥር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ... ቀስ ብሎ...

ቀኝ እጄ ቀለለኝ።