ያልገጠመው ድምር

ሟቹ የተገኘው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በጉምሩክ ግቢ ውስጥ ሩዝ በተጫነበት ኮንቴይነር ነበር። ከበሩ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ ጆንያዎቹ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። እስክሪብቶውን በእጁ እንደያዘ ነው። የቆሰለበት ቦታ አልነበረም፤ መነጽሩ እንኳን አልተሰበረም።

ሰውየው ትራንዚተር ነበር። የነጋዴዎችን ዕቃ ከጉምሩክ በማስወጣት ሥራ ሃያ ዓመት ኖሯል። የቀረጡን መጽሐፍ በቃሉ ስለሚያውቅ የግቢው ሰው ሁሉ «ታሪፍ» ይለዋል። ሠርግ ላይ ተቀምጦ የሙሽራዋ ቬሎ በየትኛው ቁጥር እንደሚቀረጥ ያሰላል እያሉ ይስቁበት ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶች ሽማግሌውን ቁልፍ ያዥ ይዘውታል። በሩን የከፈተለት እሱ ነው። ደንቡ፣ ዕቃ ሊያይ የገባ ሰው እስኪወጣ ድረስ ቁልፍ ያዡ ከበሩ እንዳይርቅ ያዛል። እሱ ግን መኪና ሊያስገባ ወደ ዋናው በር ሄዶ ነበር። ሲመለስ የኮንቴይነሩ በር ተዘግቶ አገኘው። ባለፈው ወር ደግሞ ታሪፍ የጎደለ ጆንያ አመልክቶ ሽማግሌውን ከደመወዙ አስቀጥቶታል። ስለዚህ ቂም አለው፣ ቆልፎበት ሄዶ ታፍኖ ነው የሞተው ተባለ። በዘጠኝ ሰዓት ዐቃቤ ሕግ ፊት ሊቀርብ ነው። ጡረታ ሊወጣ የቀረው አራት ወር ብቻ ነበር።

የሟች ባለቤት ፊቱ ቆማ፣ «ልጆቼን ያለ አባት ያስቀረሃቸው አንተ ነህ» ብላዋለች።

መርማሪዋ ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሲገባ ምን አለዎት?»

«ድምሩ አልገጠመልኝም አለኝ።»

«ሌላስ?»

ሽማግሌው መሬት መሬቱን እያየ ሌላ የለም አላት። የሚያውቀውን እንዳልጨረሰ ገባት፤ አላስጨነቀችውም።

ቀጥላ የጉምሩክ ፈታሿን አነጋገረች። ፍተሻው ለአራት ሰዓት ተቀጥሮ ነበር። ታሪፍ ግን በማለዳ መጥቶ፣ ዕቃውን አስቀድሞ ለማየት ማመልከቻ አስገባ። ይህ የተፈቀደ ነገር ስለሆነ ፈረመችለት፤ ማሸጊያውንም ራሷ ቆረጠች። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ነገረቻት። ሬሳውን ያወጡት ሁለቱ ጥበቃዎች አጥወልውሏቸው አጥር ሥር ሲያስመልሱ፣ ሁሉም ከድንጋጤ መስሎት ነበር። ባለቤቱ ተጠርታ መጣች፤ ጫማውና ቦርሳው ውስጥ ቀርተው ስላየች ልትገባ ሮጠች። የሟች ታላቅ ወንድም፣ የሩዙ አስመጪ፣ ወገቧን ይዞ አስቀራት። እጁን ነከሰችው፤ አለቀቃትም።

«ያን ጊዜ ሐኪሙ መጥቶ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ኧረ ገና ነው። ከሰዓት በላይ ቆይቶ ነው የመጣው።»

አስመጪው ተራው ሲደርስ ውሃ ጠየቀ። ታናሹን ያሳደገው እሱ ነው፤ ያስተማረውም እሱ ነው። ይህንን ሲናገር እውነቱን ነበር፤ መርማሪዋም አምናዋለች። ስለ አሟሟቱ ስትጠይቀው ግን፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ቁልፍ ያዡን ጠይቁት አላት። እጁ ላይ የጥርስ ምልክቱ ገና ቀይ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ብቻዋን ወደ ኮንቴይነሩ ሄደች። ሁለቱም በሮች አሁን ተከፍተው ታስረዋል። የአንዱን ገመድ ፈትታ ለቀቀችው፤ ቆየችና ደጋገመች። በሩን በውጭ በኩል በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ የሟቹን ፋይል ይዛ አንድ ሰዓት ያህል ደመረች፣ ቀነሰች፤ ወደ ባንክም ሰው ላከች።

በስምንት ሰዓት ሁሉንም በፈታሿ ቢሮ ሰበሰበች። ሽማግሌው በካቴና እንደታሰረ ጥግ ቆሟል።

«በሩን የዘጋው ሰው የለም» ብላ ጀመረች። «ግቢው የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ የተሠራው አዘንብሎ ነው። በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ለቀቅኩት፤ ሦስቴም ራሱ ገጠመ። አባባ ጥለው መሄዳቸው ጥፋት ነው። ግን አልቆለፉበትም።»

ሟቹን የገደለው የነቀዝ መድኃኒት ጭስ መሆኑን ሐኪሙ እንዳረጋገጠም ነገረቻቸው። ላኪው ሩዙ እንዳይነቅዝ ብሎ ጆንያዎቹ መሀል አድርጎታል። እንዲህ ያለ ዕቃ መድኃኒት እንደተደረገበት የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይኖረዋል፤ በሩ ላይም ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል። በዚህ በር ላይ ግን የተረፈው የሙጫ ርዝራዥና ዙሪያው አቧራ የያዘ ንጹሕ ቦታ ብቻ ነው።

«ማስጠንቀቂያውን አንድ ሰው ልጦታል» አለች። «ማን እንደሆነ የነገረኝ ሟቹ ራሱ ነው።»

ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣች። ታሪፍ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለት ዕቃው ለቀረጥ የሚመዘገብበትን ቅጽ፣ የሞላበት የኢንቮይስ ኮፒ ነበር።

«ቀረጥ የሚሰላው በሩዙ ዋጋ ብቻ አይደለም። ዕቃው እዚህ እስኪደርስ የወጣበት ሁሉ ይደመራል፤ ማጓጓዣው፣ ኢንሹራንሱ፣ ሌላውም። እዚህ ኮፒ ላይ ሦስት መስመር አለ። ሦስቱ ሲደመሩ ግን ከታች ከተጻፈው ያንሳሉ። ታሪፍ ድምሩን በቀይ አክብቦበታል። ባንኩ ዘንድ የቀረውን ቅጂ አስመጣሁ፤ አራት መስመር ነው ያለው። አራተኛው የነቀዝ መድኃኒት ማስደረጊያ ይላል። ኮፒ ሲነሣ አንድ ሰው በላዩ ነጭ ወረቀት አኑሮበታል።»

ዋናውን ኢንቮይስ ከባንክ ፈርሞ ያወጣው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም። ሁሉም ወደ አስመጪው ዞሩ።

«እርግጠኛ የሆንኩት ግን በወረቀቱ አይደለም» አለችው መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ሐኪም ሳይመጣ፣ ስለ ጭስ ማንም ሳያውቅ፣ የወንድምዎን ሚስት ከበሩ አስቀሯት። እጅዎን ስትነክስዎት እንኳን አልለቀቁም። ሕይወቷን አትርፈዋል። ማወቅዎን የነገረኝም ይኸው ነው።»

አስመጪው አልካደም። ሩዙ ለትምህርት ቤቶች ምግብ እስከ ቅዳሜ መግባት ነበረበት፤ ካለፈ ውሉ ይፈርሳል። መስመሩ ቢታይ ምስክር ወረቀቱ ይጠየቃል፤ ኮንቴይነሩም ጭሱ እስኪወጣ ለቀናት ይያዛል።

«ጫኞቹ ከመግባታቸው በፊት በሩን ከፍቼ አስነፍሰዋለሁ ብዬ ነበር» አለ። «ቀድሞኝ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«እኚህን ሽማግሌ ሲያስሯቸውስ?»

«ልናገር ተነሣሁ። አፌ እምቢ አለኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈታ። አስመጪው ሳይጠየቅ ሁለት እጆቹን ዘረጋ፤ ፊቱ ላይ እንደ መገላገል ያለ ነገር ነበር።

ባለቤትየዋ ግን ወደ ቁልፍ ያዡ ሄደች። አንገቷን ደፍታ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ» አለች። «ያስቀሩት ቃል ካለ ይንገሩኝ። ተናዶ ነበር?»

ሽማግሌው አመነታ። «አልተናደደም፣ ልጄ። የሞተን ሰው ነገር ላለማንሣት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ይንገሩኝ።»

«‹ወንድሜ ሳያስመዘግብ ያስጫነው ዕቃ ይኖር ይሆናል› አለኝ። ‹ፈታሿ ካገኘችው ይቀጣል። ቀድሜ ካገኘሁት ግን ዲክላራሲዮኑን አርመን ቀረጡን ብቻ እንከፍላለን። ልድረስለት› ብሎ ገባ።»

የአስመጪው እጆች ካቴናው ሳይደርስባቸው ወረዱ። ፖሊሱ ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጠው። «እኔን ብሎ ነው?» አለ።

ሴትየዋ ዞራ አላየችውም። ሰዓት ጠየቀች። ዘጠኝ ሊሆን ነው አሏት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ነበር። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።