ከረጢቱን ያልሞላ ደም

ነዕማ ደክሟታል። የሰባት ዓመት ልጇ ኢንዓም የአጥንቷ መቅኔ ደም መሥራት ተስኖት፣ በሰው ደም መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ማህጁብ አሶሳ ገበያ ማንጎ ነግዶ ያገኛት ሁሉ ሐኪም ቤት ቀረች። ያልተለመነ፣ ያልተሞከረ ምን አለ?

ተስፋቸው በተሟጠጠ ሰዓት ነዕማ አረገዘች። ሐኪሙ ሽመክት ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«የሕፃኑ የእትብት ደም ውስጥ ግንደ ሕዋስ አለ፤ አዲስ ደም የሚያበቅል ዘር በሉት። ከኢንዓም ጋር ከገጠመና መጠኑ ከበቃ፣ አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ውጭ ወስዶ ያሳክማታል። ነዕማ፣ ያንቺ ሥራ መብላት ነው።»

ግን የእናት አንጀት መች ያርፋል! ረመዳን ገባ። ሼኩ «ነፍሰ ጡር ነሽ፣ አትጾሚም» ብለዋታል፤ ማህጁብም ተቆጥቷታል። እሷ ግን በልቧ ተስላ ነበር፤ ያ አላህ፣ ልጄን ማርልኝ፣ ወሩን ሙሉ እጾምልሃለሁ! ባሏ ገበያ ሲወጣ ገንፎዋን ለዶሮዎች ትደፋለች፤ ሲመለስ «በልቻለሁ» ትለዋለች። በዚያ ሙቀት፣ የገፋ ሆድ ይዛ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ...

ልጁ ወር ሲቀረው መጣ። አዋላጇ ስንቅነሽ እትብቱን ቆርጣ ደሙን ወደ መሰብሰቢያው ከረጢት ስታስወርድ ፊቷ ጠቆረ። ሕፃኑ ሁለት ኪሎ አልሞላም፤ ከረጢቱም ግማሽ አልደረሰም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽመክት አስጠራት።

«ደሙ ከኢንዓም ጋር ልክክ ብሎ ገጥሟል» አላት። እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ «ግን ሕዋሳቱ አይበቋትም። ሕፃኑ ጠንክሮ መቅኔ እስኪሰጥ እንዳንጠብቅ፣ እሷ ጊዜ የላትም» አለ።

«ለምን አነሰ ዶክተር?»

«ያለ ወሩ መወለዱ፣ ክብደቱ፣ ያንቺ ደም ማነስ... ይሄ ነው ብዬ አንዱን መነጠል አልችልም።»

«እኔ ነኝ! ጾሜ ነበር!»

ወይ ነዕማ! አድናለሁ ብላ! ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልወርድ አላት፤ ጡቷም ነጠፈ። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እሷ ግድግዳ ታያለች።

አንድ ከሰዓት ኢንዓም ከፍራሿ እንደ ምንም ቀና አለች። ገንፎ ቆርሳ ወደ እናቷ አፍ ዘረጋች።

«ዩማ፣ ብዪ።»

«አይወርድልኝም፣ እናቴ።»

«ስትጾሚልኝ አይቼሻለሁ። ለአባባ አልተናገርኩም» አለቻት ልጅቷ። «አሁን ደግሞ ለወንድሜ ብዪለት። ወተት ይፈልጋል።»

ነዕማ ከእንባዋ ጋር ዋጠችው። ኢንዓም በስምንተኛው ቀን አረፈች።

ለለቅሶ የመጡት ሴቶች ምግብ አቀረቡ። ነዕማ ሕፃኑን ታቅፋ በላች፣ ደግማም ወሰደች። «ልጇን ቀብራ እንዲህ ትበላለች?» ብለው ተንሾካሾኩ። ስለ ልጇ ስትራብ ከኢንዓም በቀር ማንም አላየላት፣ ስለ ልጇ ስትበላ ሁሉ አየባት። የሰው ዕጣ እንዲህ ናት፣ ምን ይደረጋል! ነዕማ ሰሃኑን ጨርሳ ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው።