የብረት ዘንግ የያዙ ሽማግሌዎች

አሰጋሽ የልጇን እጅ ልብ ያለችው ሚኒባሱ ከቢቸና መናኸሪያ ወጥቶ አቧራው ከተቀመጠ በኋላ ነበር።

ሥርጉት በመስኮቱ ብቅ ብላ ሁለት እጆቿን ስታውለበልብላት ቀኙ ፀሐይ ያከሰለው ጠይም ነበር። ግራው ግን ከአንጓው እስከ ጥፍሯ ፈካ ያለ፣ ፀሐይ የሚባል ነገር ያልነካው እጅ ነበር። ሁለቱ ከአንድ ሰው ትከሻ የወረዱ አይመስሉም።

«ለምጽ ነው» አለች አሰጋሽ ቆማ። ትንሽ ራመድ አለችና «ወይም ደሟ እየደረቀ ነው» አለች። ቤቷ ስትደርስ የሰው ዓይን መሆኑን ጨምራለት ነበር።

አሰጋሽ ክፉውን አስቀድማ ካላሰበች ደጉ የሚመጣ አይመስላትም። ምንም ክፉ ሳታስብ የዋለችው ባሏ የሞተ ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳታስብ ውላ አታውቅም። አንድ ልጅ ናት ያለቻት፤ እሷም ሞጣ ከተማ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ቀድሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ትመጣ ነበር። አሁን አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ምክንያት አታጣም።

ማታ ደወለችላት።

«እጅሽን ምን ነክቶት ነው?»

«ፀሐይ ነው እማዬ።»

«ፀሐይ አንድ እጅ መርጣ ትወጣለች?»

ሥርጉት ከት ብላ ሳቀች፤ ኔትዎርኩም ተቋረጠ። አሰጋሽን የባሰ ያስጨነቃት ሳቁ ነበር። የታመመ ልጅ እናቱን ላለማስደንገጥ ምን የማያደርገው አለ?

በቅዳሜው በሃይላንድ ጸበል ቀድታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሞጣ ገባች። የሥርጉት አከራይ በር ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ሥርጉት? ጎልፍ ሄዳለች።»

«የት ክፍል ነው የተኛችው?»

አከራይዋ ግራ ገብቷት አየቻትና ከከተማው ዳር ወዳለው የከብት መሰማሪያ በአገጯ ጠቆመች።

ሜዳው ላይ ላሞች ይግጣሉ። በላሞቹ መሐል አዋቂ ሰዎች፣ የሥራና የትዳር ባለቤቶች፣ ቀጫጭን የብረት ዱላ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እዚህም እዚያም ከማዳበሪያ ከረጢት የተቀደደ ባንዲራ ተተክሏል፤ ከሥሩ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አፉን ከፍቶ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። አሰጋሽ አንድ ባሕር ዛፍ ተከልላ ልጇን ፈለገች፤ አገኘቻትም። ሥርጉት ዱላውን በሁለት እጇ ጨብጣ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆማለች። ግራ እጇ ላይ ነጭ ጓንት አጥልቃለች። አንድ ብቻ።

ለምጹ እዚያው ላይ ተነነ። ቦታውን ግን ባዶ አልተወውም፤ ከሥርጉት ፊት ለፊት አንድ ረዘም ያለ ወጣት ቆሟል።

«ዓይንሽን ከኳሷ ላይ አታንሺ» ይላታል።

«ያንተስ ዓይን የት ነው ያለው?»

«እኔማ አሠልጣኝ ነኝ። ትከሻሽን ነው የማየው።»

«ትከሻዬ ፊቴ ላይ ነው እንዴ ያለው?»

ወጣቱ ዝም አለ። ሥርጉትም ዝም አለች። አሰጋሽ ያን ዝምታ ታውቀዋለች። የሥርጉት አባት ያጫት ሰሞን የሚለው ሲጠፋው ልክ እንዲህ ነበር የሚቆመው፤ እሷም ልክ እንዲህ መሬት መሬት ታይ ነበር። ዛፉን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ሥርጉት ዱላውን ሰነዘረች። ኳሷ እየተንከባለለች በአንዲት ላም ሆድ ሥር አለፈች። ሁሉም ሳቀ። ሥርጉትም እየሳቀች ዞር ስትል እናቷን ከነጸበሏ አየቻት።

«እማዬ! ምነው? ማን ሞተ?»

«አንቺ ነሻ የሞትሽው!» አለች አሰጋሽ። አለቀሰች፤ ቀጥላም ተቆጣች፤ ከዚያ የልጇን ጓንት አውልቃ እጇን ገልብጣ ገልብጣ ካየች በኋላ ሳመችው።

ሁኔታውን የታዘቡ አንድ ሽበታም ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡ። ጋሽ በላቸው ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

«እንኳን ደኅና መጡ። አዲስ አባል ነዎት?»

«እኔ? ምን በወጣኝ! ይኼ የሀብታም ጨዋታ አይደለም እንዴ?»

«ሀብታሙን ካዩት ያሳዩኝ» አሉ ጋሽ በላቸው። «እኔ ስኳር አለብኝ። ሐኪም በእግርህ ሂድ አለኝ። ታዲያ በከተማችን ሽማግሌ ሰው ያለ ጉዳይ ሲሄድ አይተው ያውቃሉ? በየደጁ 'ወዴት ነው? ማን ታሞ ነው? ማን ሞቶ ነው?' ነው። አሁን ኳስ ጠፍቶብኝ ነው እላለሁ። ሰላም አገኘሁ።»

«እኔ የጠፋ ወይፈን ፍለጋ መጥቼ ነው የቀረሁት» አለ የከብት ነጋዴው ደምለው ከወዲያ።

«ወይፈኑስ?»

«እሱ ተገኘ። የጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አሰጋሽ ሳቋን ዋጠች። «ልጄስ? እሷ ለምን መጣች?»

ሁሉም ረዘም ወዳለው ወጣት ዞሩ። ወጣቱ ዝቅ ብሎ ጨበጣት።

«እዮብ እባላለሁ። የመንግሥት ቀያሽ ነኝ። ክበቡን የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

«ከየት ነህ?»

«ከሐዋሳ። ጎልፍ የተማርኩት ግን አዲስ አበባ ስሠራ ነው። ከአንድ ክበብ በር እየሄድኩ 'የማን እንግዳ ነህ?' እየተባልኩ ብዙ ቅዳሜ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ 'የእኔ ነው' ብለው አስገቡኝ። አያውቁኝም ነበር። ለዚህ ነው ይኼ ሜዳ አጥርም በርም የሌለው።»

«ምነው፣ ዘመድ የለህም?» ከነገራት ሁሉ አሰጋሽ የያዘችው 'የማን ነህ' መባሉን ነበር።

«ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ሕመምተኛ ናት፤ መንገድ አትችልም።»

አሰጋሽ ከንፈሯን መጠጠች። ነገሩ እንዳይከብድ ብለው ይመስላል ጋሽ በላቸው ዱላቸውን አቀበሏት። «ይሞክሩት እስኪ። የሚታዘብዎት ላም ብቻ ነው።»

ልጅ ሳለች ወንድሞቿ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ሴት ልጅ ዱላውን አትነካም ተብላ አጥር ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ሲመቱ ግን አይታለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። እንደ ጎልፈኞቹ ቆማ አልለካችም፤ ከሩቅ ተንደርድራ መጥታ ኳሷን ለጋቻት። ኳሷ ከላሞቹ በላይ በራ ሄደች።

ሜዳው በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። «ምነው አባል አይደለሁም አሉ?» አለ ደምለው። አሰጋሽ ሳቋ አመለጣት፤ እስኪያነባት ድረስ ሳቀች። ከዚያ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እንዲህ ከተሳቀ በኋላ መቼም ደግ አይከተልም።

ማታ ሥርጉት ቤት ተቀምጠው አሰጋሽ ፍርዷን ሰጠች።

«ደግ ልጅ ነው እማዬ» አለች ሥርጉት።

«ደግነቱን አየሁት። ዘመዱን ነው ያላየሁት። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ነገ ተዛውረሃል ቢባልና ጥሎሽ ቢሄድ የማንን በር አንኳኩቼ ልጄን ምን አደረጋችኋት እላለሁ? ሽማግሌ ይላክ። ዋስ የሚሆኑት፣ ቢያጠፋ የሚጠየቁለት ዘመዶች። ያለዚያ አይሆንም።»

«ማንን ይላክ? ማንም እንደሌለው እያወቅሽ?»

«እሱን እኔ ምን ላድርገው?»

ሥርጉት ተነስታ ለእናቷ አልጋውን አነጠፈችላት፤ እሷ መሬት ተኛች። እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም፤ አሰጋሽም አልተኛችምና ትሰማታለች።

ከዚያ በኋላ ሥርጉት ቅዳሜ ቅዳሜ ቢቸና መምጣት ጀመረች። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ሲያናግሯት ትመልሳለች። ሜዳውን አታነሳም። አሰጋሽ እጇን እየሰረቀች ታያለች። ግራው እየጠየመ፣ እየጠየመ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ሁለቱ እጆች አንድ መልክ ሆኑ። ፈልጋው የነበረው ይኸው ነው። ለወንድሟ ለቄስ ሀብተ ሥላሴ «ዳነችልኝ» ስትላቸው ግን አለቀሰች፤ እሳቸውም የዳነ ሰው ምኑ ያስለቅሳል ብለው ገረማቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሥርጉት አልመጣችም። አርብ ማታ ስልኳ ይጠራል፤ አይነሳም። ቅዳሜም አይነሳም። አሰጋሽ ሌሊቱን በዓይነ ሕሊናዋ የተገለበጠ ሚኒባስ ስታይ አደረች።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። በግቢዋ በር ስንጥቅ አጮለቀች።

አራት ሰዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ በዝምታ ተደርድረው ቆመዋል። አንደኛው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ለመናገር የከበደው ሰው ነው እንዲያ የሚጠርግ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ፣ ቢቸና ውስጥ ሰው ደጅ የሚቆመው ለምን እንደሆነ አሰጋሽ ታውቃለች። ባሏንም እንዲሁ ነው ያረዷት።

መርዶ ነው።

ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። በሩን በርግዳ ወጥታ መሬት ላይ ተዘረረች።

«ልጄን! ልጄን! እኔ ነኝ የገደልኳት! ትኑርልኝ እንጂ የወደደችውን ታግባ! ዘመድ ምን ያደርግልኛል! ዘመዱ እኔ እሆንለት ነበር!»

ጎረቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ደረሰ። ሴቶች ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባውን ይዞ ሮጠ፤ ወጣቶች የእድሩን ድንኳን ከመጋዘን አወጡ። ከአራቱ አንዱ «ኧረ የሞተ የለም! የሞተ የለም!» ይላል፤ በለቅሶው መሐል ማን ሊሰማው? በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ዘንጋቸውን አንስተው የደጁን ድንጋይ መቱት። ቃ! አለ። የብረት ድምፅ ነበር።

ሁሉም ጸጥ አለ። አሰጋሽ ቀና ስትል ጋሽ በላቸውን አየች። አጠገባቸው ደምለው። የተደገፉት የጎልፍ ዱላ ነው፤ አራቱም።

«ሰው አልሞተም» አሉ ጋሽ በላቸው ላባቸውን እየጠረጉ። «ለደግ ነው የመጣነው።»

«ሥርጉትስ?»

«ደኅና ናት። እንደምንመጣ ታውቅ ነበርና ድምፄ ያሳብቅብኛል ብላ ነው ስልክ ያላነሳችው።»

«ታዲያ በዚህ ሰዓት ምን አቆማችሁ?»

«ሽማግሌ የሚሄደው በማለዳ ነው አሉን። ማታውኑ መጥተን ቢቸና አደርን።»

«ይኼስ ብረት?»

«ሽማግሌ ያለ ዘንግ አይቆምም አሉን» አለ ደምለው አንገቱን ደፍቶ። «ያለን ይኼው ነው።»

ቄስ ሀብተ ሥላሴ በሕዝቡ መሐል አልፈው መጡ። ሳቃቸውን በጢማቸው ሸሽገው መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

«የማን ሽማግሌዎች ናችሁ?»

«የእዮብ።»

«ምናችሁ ነው?»

«የእኛ ነው» አሉ ጋሽ በላቸው። «አባት የለውም፤ እኔ አለሁ። ቢያጠፋ እኔን ጠይቁ። ተዛውሮ ቢሄድ እኔን ያዙ። ቤቴ ሞጣ ነው፤ ማንም ያሳያችኋል። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን መጥተናል።»

«እኔን ደግሞ ከነበሬዎቼ ያዙኝ» አለ ደምለው።

ቄሱ ወደ እህታቸው ዞሩ። «ምን ትያለሽ?»

አሰጋሽ አሁንም መሬት ላይ ናት። አቧራዋን አላራገፈችም። ልጇ አለች፤ ትተነፍሳለች፤ ሞጣ ሆና ስልክ አላነሳም ትላለች። ከዚህ በላይ ደስታ የት አለ?

«እኔማ ቅድም ብያለሁ» አለች። «አገር ምድሩ ሰምቷል።»

«ደንቡኮ ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነበር» አሉ ቄሱ በለሆሳስ።

«ደግሞ ሌላ ጠዋት እንዲህ መጥተው ሊቆሙብኝ? ወንድም ጋሼ፣ ልቤ አይችልም! ያስገቧቸው።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ያለቀሱት ሴቶች እንባቸውን ሳይጠርጉ እልልታውን አቀለጡት።

«ድንኳኑ ወጥቷል፤ ምን እናድርገው?» አሉ ወጣቶቹ።

«ምን ታደርጉታላችሁ? ትከሉት!»

ከቀትር በኋላ ሥርጉት መጣች። የእናቷን ለቅሶ በስልክ ነግረዋት መቀመጥ አልሆነላትም። እዮብም ከኋላ ከኋላ ተከትሏት መጣ፤ ሽማግሌ በላከበት ቀን ሙሽራ ብቅ አይልም ብሎ የነገረው አልነበረም። አሰጋሽ ልጇን አቅፋ ጀርባዋን መታቻት፤ አቀፈቻት፤ ደግማ መታቻት።

«ዘመዱ እሆናለሁ አልሽ አሉ?» አለቻት ሥርጉት በጆሮዋ።

«ሞተሻል ብዬ ነው!»

«አሁንስ?»

«አሁንማ… ከተባለ ተባለ።»

እዮብ ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ሥርጉትን ያያል። ሥርጉትም ታየዋለች። ሰው በመሐላቸው ይመላለሳል፤ ጠላ ይቀዳል፤ ደምለው ለቢቸና ሰዎች ዱላ አያያዝ ያሳያል። ሁለቱ ምንም አልተባባሉም። አሰጋሽ ግን ያን ዝምታ ዳር ቆማ ጠበቀችው፤ ማንም እንዳይረብሸው አንዲት ጎረቤቷን በክንዷ ይዛ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደቻት።

መሸት ሲል እንግዶቹ ወደ አልጋቸው ሄዱ። እዮብ እንዲያድር የተወሰነው ቄስ ሀብተ ሥላሴ ቤት ነው፤ ጥቂት ደጆች አልፎ።

ደጃፉ ላይ ሥርጉትና እሱ ቆሙ።

«ቅዳሜ ትመጫለሽ?» አላት።

«ጓንቴን ይዤ።»

አሰጋሽ በሩን ይዛ «በዚያ በኩል ውሻ አለ» አለች።

«ግድ የለም እትዬ።»

«ድንጋይም አለ፤ እግርህን እያየህ። ደግሞ እትዬ አትበለኝ፤ እማዬ በል። ስትደርስ ደውል።»

ሄደ። ሥርጉት ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «እማዬ፣ እዚህችው እኮ ነው። ዝጊው፣ ብርድ ገባ።»

«ይደውል።»

ቆሙ። ውሻ ጮኸ፤ አሰጋሽ የልጇን ክንድ ጨበጠች። ከዚያ ስልኩ ጠራ።

«ገባሁ፣ እማዬ።»

«ቄሱ በራቸውን ዘጉት?»

«ዘግተውታል።»

ያኔ አሰጋሽ በሩን ገፋችና ቆለፈችው።