ከፍ ያላለው ወለል

ልጆቼ፣ በጃቫ ሰሜን ዳርቻ፣ በእኛ በካራንግሱሪ፣ የሰው ልብ የሚታወቀው በቤቱ ወለል ነው። ዓለም በሞቀ ቁጥር ባሕሩ እያበጠ ቤታችን ይገባል፤ እኛም በደቦ ተጠራርተን አፈር እየደለደልን ወለሉን ከፍ እናደርጋለን። ከፍ ያላደረገ ሰው ሊሄድ አስቧል ማለት ነው። ያን ዓመት ካስመን ከፍ አላደረገም።

እጮኛው ሙርቲኒ ይህን ሰማች። አፈር የጫነው ጀልባ ደጁ ድረስ ቢቀርብለት «ለሌላ ስጡት» ብሎ መልሶታል አሉ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት።

«ነግሬሽ ነበር!» አለቻት አክስቷ ሱላሚ፣ የተሰጣውን ዓሣ እያገላበጠች። «ከተማ ገብቶ ሊቀር ነው። አንቺ እዚህ ሸርጣን ታገቢያለሽ!»

«ተይ እንጂ አክስቴ!»

በአፏ እንዲህ አለች እንጂ ልቧ አልተወውም። ካስመን ሲመጣ መዳፉን ታያለች፤ ተልጧል። ዓይኑን ትፈልጋለች፤ ይሸሻታል።

«እጅህን ምን ነካው?»

«መቅዘፊያ ነዋ።»

ከልጅነቱ ጀምሮ የቀዘፈ እጅ ዛሬ ይላጣል?

አንድ ረፋድ ሳትጠራ ቤቱ ሄደች። ውኃው ላይ ከተዘረጋው የእንጨት መሸጋገሪያ ሆና ብታይ ጣሪያው የለም! የሸክላ ክዳኑ ወርዶ ተደርድሯል። መንደሩን ጥለው የሄዱት ሁሉ መጀመሪያ ያወረዱት ክዳናቸውን ነው።

«ፊቴን አይተህ ብትሄድ ምን ነበረበት?» ብላ ጮኸች።

ካስመን ከምሰሶው ላይ ወረደ።

«ወዴት ነው የምሄደው?» አለ። «ወለሉ ከፍ ሲል ከፍ ሲል ጣሪያው ትከሻዬ ደረሰ። እናቴ እዚህ ቤት እንዳጎነበሰች ሞተች። አንቺንም አጎንብሰሽ ግቢ ልበልሽ? ጣሪያውን ከፍ ላደርግ ምሰሶ እየቀጠልኩ ነው። አፈሩ ከቀደመ ሥሩ ይቀበርብኛል።»

«ታዲያ ምን አፍህን ያዘው?»

«ባይሳካልኝስ ብዬ አፈርኩ። ደግሞ አፈሩ እስኪገባ ወለሉ ውኃ ይይዛል፤ ሠርጋችንም ይደርሳል።»

ሙርቲኒ እንባዋን ጠረገች። «ውኃውንስ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አንተ ስትደብቀኝ ነው።»

በሠርጋቸው ቀን ባሕሩ ገባ። እንግዶቹ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ሩዛቸውን ቆመው በሉ። ሙሽሪት ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ ውኃውን እየረገጠች፣ ከፍ ካለው ጣሪያ ሥር አንገቷን ሳትሰብር ገባች።

ወለሉ ከፍ እያለ ዘንድሮ ያ ጣሪያ ደግሞ ለራሳቸው ቀርቧል። ካስመን የምሰሶ እንጨት ፍለጋ በጀልባ ሲወጣ፣ ሙርቲኒ ከፊቱ ተቀምጣ ትቀዝፋለች።